በአፍንጫ በኩል የገባ ብርሃን

ዓይኔን በጥቁር ጨርቅ አስሬ ሞተር ብስክሌት የነዳሁ ሴት ነኝ። በወጣትነቴ ከባለቤቴ ከሁዎሹ ጋር በደቡብ ታይዋን ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው እየዞርን፣ በየአማልክቱ ክብረ በዓል ላይ የአስማት ትርኢት እናሳይ ነበር። እሱ ከባርኔጣ ርግብ ያወጣል፤ እኔ ዓይኔን ታስሬ የተመልካቹን መታወቂያ አነባለሁ፣ ሞተር እነዳለሁ። ማስታወቂያው ላይ «ባለሦስት ዓይኗ እመቤት» ተብዬ ነበር የምጻፈው። ሦስተኛ ዓይን ግን የለኝም፤ ያለኝ ጎላ ያለ አፍንጫ ነው። ጨርቁ የቱንም ያህል ቢወፍር በአፍንጫ ግራና ቀኝ ክፍተት ይተዋል፤ በዚያች ክፍተት ቁልቁል ማየት ይቻላል። ተመልካቹ ትርኢት መሆኑን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፣ ተሳስቀን እንለያያለን።

ሁዎሹ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ጂያዪ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ቤታችን ብቻዬን እኖራለሁ። ልጄ ዪንጁ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ባሏ ትቷት ሄዷል። እሑድ እሑድ ልጇን ፒንሩይን ይዛ ትመጣና አብረን ምሳ እንበላለን። ፒንሩይ አሥር ዓመቷ ነው። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ ትምህርት ላይ ዘገም ትላለች፤ የአክስቷ ልጅ በየዓመቱ ሽልማት ሲሸከም እሷ ጥግ ይዛ ታጨበጭባለች። «አማ» ትለኛለች፤ በእኛ አፍ አያት ማለት ነው።

አንድ እሑድ የቱርክ ዶሮ ሥጋውን ከሩዙ ላይ እያደረግኩ ሳለ ዪንጁ «እማዬ፣ እሱን ተዪውና ቁጭ በይ፤ የምናሳይሽ ነገር አለ» አለችኝ።

ከቦርሳዋ ውስጡ ስፖንጅ የሆነ የዓይን መሸፈኛ አወጣች። የልጅቷን መነጽር አወለቀችና አሰረችላት። ከዚያ ባለቀለም ካርድ አቀበለቻት። ፒንሩይ ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው፣ አሸተተችው፣ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ትንሽ ቆይታ አገጯን በጣም በጥቂቱ ከፍ አደረገች።

«ቀይ ነው» አለች። «አራት ቁጥር አለው።»

ትክክል ነበር። ዪንጁ ሌላ ሰጠቻት፤ እሱንም አገኘችው። የልጄ ዓይን እንባ አቅርሯል። እኔ ግን ልቤ ያለው አገጯ ላይ ነው። ያቺን እንቅስቃሴ እኔና ሁዎሹ «ሾርባ ማሽተት» ነበር የምንላት። ጀማሪ ሁሉ ያሸታል፤ የበሰለ ሰው አያስነቃም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«መካከለኛው አንጎሏ ነቅቷል። ልጆችን በዚህ የሚያሠለጥኑ መምህር ፋን የሚባሉ አሉ፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ። የአንጎሏን ሞገድ በኮምፒውተር ለክተው አሳይተውኛል። ከሥልጠናው በፊት ሰማያዊ ነበር፣ አሁን ቢጫ ሆኗል።»

«ቢጫ ሲሆን ምን ማለት ነው?»

«ነቃ ማለት ነዋ።»

«ባይነቃ ኖሮ ምን ይታይ ነበር?»

«እማዬ፣ ሳይንስ ነው የምልሽ። የእናንተ ዓይነት የገበያ ጨዋታ አይደለም።»

ይህቺ ነገር ከነከነችኝ። መሸፈኛውን ከልጅቷ ዓይን ፈትቼ በራሴ ላይ አሰርኩ፤ የአኩሪ አተር ስጎውን ጠርሙስ አነሳሁና ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፣ ጨው ስንት፣ ስኳር ስንት፣ የት ተመረተ። ሳወልቀው ፒንሩይ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ዪንጁ ግን ፊቷ አልተለወጠም።

«አንቺ ማጭበርበር ስለቻልሽ እሷ ታጭበረብራለች ማለት ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንድ ነገር በማታለል ሊሠራ መቻሉ በማታለል መሠራቱን አያሳይም። ሁዎሹ የሌላ አስማተኛ ትርኢት ሲያይ እንዲህ ነው ብሎ አይፈርድም ነበር፤ ሰውየው ሊጠቀምበት የሚችለውን መንገድ ያስብና ያ መንገድ ቢዘጋ ትርኢቱ ይቀጥል እንደሆነ ለማየት ይጥር ነበር። እኔም «እሺ፤ ካርዱን ከራሷ በላይ ያዢላት» አልኩ።

«አይሆንም። መምህር ፋን ከአፍንጫ በታች መያዝ አለበት ብለዋል። ኃይሉ የሚገባው በዚያ ነው።»

«ለእኔም የሚገባልኝ በዚያው ነው።»

«ደግሞ ተጠራጣሪ ሰው አጠገብ ካለ ሞገዱ ይረበሻል።»

«አሁን እኮ እዚሁ ቁጭ ብዬ ስጠራጠር ነው ቀይ ያለችው።»

«ያን ጊዜ ገና አልተጠራጠርሽም ነበር» አለችና ሩዟን መብላት ጀመረች። ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለእኔ ከቀልድ አያልፍም ነበር። ልጅቷ ደስ ብሏታል፣ እናቷ ደስ ብሏታል፤ ምን አገባኝ አልኩ። ከዚያ አንድ እሑድ ፒንሩይ ያለ መነጽር መጣች። ቅልጥሟ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከትምህርት ቤት ስትወጣ የመንገዱ ዳር የውኃ መውረጃ ቦይ ተከፍቶ ኖሮ ሳታየው ገብታበት ነው።

«መነጽሯስ?» አልኩ።

«መምህር ፋን ለጊዜው ታውልቀው ብለዋል» አለች ዪንጁ፣ እኔን ሳታይ። «መነጽር የውስጥ ዓይንን ያሰንፋል። መጀመሪያ ላይ ይቸግራል፣ ቀስ በቀስ ግን ራሱ ዓይኗ ይስተካከላል።»

«መቼ?»

«እንደ ልጁ ነው።»

«ካልተስተካከለስ?»

«ካልተስተካከለ ሥልጠናው አልበቃትም ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ልጅቷ ብታይም ሥልጠናው ሠራ፤ ቦይ ውስጥ ብትወድቅም ሥልጠናው ይጨመር። ይህ ሰውዬ የሚሸነፍበት በር የለውም። እኔ እንኳ በትርኢት ዘመኔ ሞተሩን ከሰው ጋር ባጋጨው ኖሮ እስር ቤት እገባ ነበር። ለዪንጁ ምንም አላልኳትም፤ ብናገር ጭራሽ እንደምትብስ አውቃለሁ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥልጠናው እኔ ላመላልሳት፤ አንቺ ትንሽ ትረፊ» ብቻ አልኩ። እሷም ደክሟት ነበርና እሺ አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፒንሩይን ሞተሬ ላይ አፈናጥጬ ወደ ሥልጠናው ሳይሆን ወደ በረዶ ቤት ወሰድኳት። የተፈጨ በረዶ በማንጎ አዘዝኩላት። ግማሹን እስክትጨርስ ድረስ ጠበቅኩ።

«ካርዱ እንዴት ነው የሚታይሽ?» አልኳት።

ማንኪያዋን አፏ ውስጥ አቆይታ አሰበች። «መጀመሪያ ምንም አይታየኝም ነበር። መምህር ፋን ‹ከየት እንደመጣ አታስቡ፣ የመጣላችሁን ተናገሩ› ይላሉ። ከዚያ ከታች በኩል ቀጭን ብርሃን መጣ። ቀለሙ እዚያ ውስጥ አለ። ‹መምህር፣ በታች በኩል እያየሁ ይሆን እንዴ?› ብዬ ጠየቅኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«‹የአንጎልሽ በር የተከፈተው በዚያ በኩል ነው፤ ጎበዝ› አሉኝ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ።»

እኔ ልጅቷ እያወቀች የምትዋሽ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በሐቅ ጠይቃ ነበር፤ ጥያቄዋን በጭብጨባ ነው የዘጉባት።

«በእውነት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ትፈልጊያለሽ?»

የቀለጠውን በረዶ በማንኪያዋ አማሰለች። በመጨረሻ «እማዬ ታለቅሳለች» አለች። ወዲያው ደግሞ «ግን እፈልጋለሁ» አለች።

ቤት ገብተን መሸፈኛዋን አሰርኩላት። ዓሣ የማደርቅበትን ትልቅ የቀርከሃ ሰፌድ አወረድኩና ከአገጯ ሥር አስጠግቼ ያዝኩላት፤ በአፍንጫ በኩል ቁልቁል ብታይ ከሰፌዱ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ካርዶቹን ቀይና ጥቁር አድርጌ፣ እኔም ሳላያቸው ከሰፌዱ በታች በእጇ አስያዝኳት። ሳላያቸው ያልኩት በምክንያት ነው፤ እኔ ካወቅኩ ትንፋሼ ሊያሳብቅ ይችላል።

«ቀይ» አለች። ጥቁር ነበር። «ቀይ።» ጥቁር። «ጥቁር።» ጥቁር ነበር፤ ከወንበሯ ዘለለች።

«አየሽ አማ!»

«ያለው ቀይና ጥቁር ብቻ ነው» አልኳት። «እንዲሁ ብትገምቺም ግማሽ ያህሉን ታገኚዋለሽ። እስኪ ብዙ እንሞክር።»

ብዙ ሞከርን። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ሞከርን። ግማሽ ያህሉን አገኘች፣ ግማሽ ያህሉን ሳተች። ከዚያ ራሷ ሰፌዱን ወሰደች። ታነሳዋለች፣ ሁሉንም ታነባለች፤ ትመልሰዋለች፣ ሁሉም ይጠፋባታል። ማንም ሳያዛት ደጋገመችው። በመጨረሻ መሸፈኛውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እያወቅሽ ነው ያመጣሽኝ» አለች።

«አዎ።»

«ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ የሆንኩበት ነገር እኮ ይሄ ብቻ ነው።»

ላቅፋት ስል እጄን ገፋችው። «ለእናትሽ አልነግራትም» አልኳት። «መንገር ብትፈልጊ ትነግሪያታለሽ፤ ባትፈልጊም ያንቺ ነገር ነው።» ከዚያ በኋላ በመጣችባቸው እሑዶች ሰላም ከማለት በቀር አላናገረችኝም። ወደ ሥልጠናው መሄዷን ግን አላቋረጠችም።

ብዙም ሳይቆይ መምህር ፋን ለአዲስ ወላጆች ትልቅ ማሳያ አዘጋጀ። የሆቴል አዳራሽ ነው፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ሰማያዊና ቢጫ አንጎል ይሽከረከራል። ሰውዬው እንደ ሐኪም ነጭ ጋውን ለብሷል። ከልጆቹ ሁሉ ዋናዋ ፒንሩይ ነበረች። ዪንጁ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እኔን ባትጋብዘኝም ሄድኩ። ሐሳቤ ልጅቷን ላለመንካት ነው፤ እኔው ራሴ ልታይና ሰውዬውን ልጠይቀው ነበር።

ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳሁ።

«እኔ ሥልጠናውን አልወሰድኩም» አልኩ። «አንጎሌም ምን ቀለም እንደሆነ አላውቅም። ግን ያንን መሸፈኛ ቢሰጡኝ አነብልዎታለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም በቀላሉ የሚያሳፍረኝ መስሎት ሳቀና መሸፈኛውን አቀበለኝ። አሰርኩት። ለተመዝጋቢዎች የተዘጋጀውን በራሪ ወረቀት ከጠረጴዛ አነሳሁና የመምህሩን ማዕረግ፣ ስምና ስልክ ሳልሳሳት አነበብኩት። ሳቁ ቆመ። የአንዲት ሴት ድምፅ «እንዴ» ሲል ሰማሁ።

ሰውዬው ግን ጮሌ ነው፤ ዪንጁም ስለ እኔ ነግራው ኖሯል። «እኚህ እናታችን የፒንሩይ አያት ናቸው» አለ። «በቤተ መቅደስ ግቢ አስማት ሲያሳዩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የሚሠሩት ማታለል ነው። ልጆቹ ግን አያታልሉም። ልጆቻችሁ አታላይ ናቸው የምትሉ እጃችሁን አውጡ?»

ማን ያወጣል።

«ልጆቹን አታላይ ያላቸው የለም» አልኩ። «ካርዱን ከራሳቸው በላይ ይያዙላቸው። ያን ጊዜ ካነበቡ እዚሁ ፊትዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ኃይሉ እንዲያ አይሠራም።»

«እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው? ምን ቢሆን ነው ‹ተሳስቻለሁ› የሚሉት?»

«እውነት የሆነ ነገር ውሸት የሚሆንበት መንገድ የለውም» አለ ፈገግ ብሎ። ሰዉ አጨበጨበ። ከኋላዬ አንዱ «ተቀመጪ፣ አሮጊት» አለኝ።

«አልቀመጥም» አልኩ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» እለው ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን አልቻልኩም። «አንተ ሰውዬ፣ የልጄን ልጅ መነጽር አስወልቀህ ቦይ ውስጥ ከትተሃታል። ሐኪም ቢሆን ኖሮ የቱ መድኃኒት ሠራ፣ የቱ አልሠራም ብሎ ይጠየቃል። አንተን የሚጠይቅህ ማነው? ነጩን ጋውን ከየት ነው የገዛኸው?» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የመድረክ ልጅ ነኝ።

እሱ ግን ወደ ልጅቷ ዞረና «ከልጅ አፍ ይሰማ» አለ። እንደሚጨበጨብላት የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ፒንሩይ ወጣች። መሸፈኛውን አሰረላት፣ ካርድ ሰጣት። አገጯን ከፍ አደረገች።

«አረንጓዴ፣ ሰባት ቁጥር» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ዪንጁ ቆማ ታጨበጭባለች። እኔ ተቀመጥኩ። ለልጅቷ ከእኔ ይልቅ እናቷ እንደምታስፈልጋት አውቃለሁ፤ አልፈረድኩባትም።

ጭብጨባው ሲበርድ ፒንሩይ ካርዱን አልመለሰችም። ቀስ አድርጋ ከራሷ በላይ አነሳችው።

«እዚህ ሲሆን አላውቅም» አለች። ወደ ደረቷ አወረደችው። «ሰባት።» እንደገና አነሳችው። «አላውቅም።»

«ደክሟታል» አለ መምህር ፋን፣ ትከሻዋን ይዞ።

«አልደከመኝም። ምሳ በልቻለሁ።» ትከሻዋን አስለቀቀች። «ብርሃኑ የሚገባው በአፍንጫዬ በኩል ነው። ያን ጊዜም ጠይቄዎት ነበር።» መሸፈኛውን ፈትታ ዘረጋችለት። «እርስዎም ይሞክሩት፣ መምህር። ያዩታል።»

እጁን አልዘረጋም። ልጅቷ መሸፈኛውን እንደዘረጋች፣ ዓይኗን አጥብባ ወደማይታያት ሕዝብ እያየች ቆመች። እንባ የለም፣ ሳቅ የለም። እኔ በሕይወቴ ብዙ መድረክ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የቆመ ሰው ግን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ታሪክ የሚያምር አይደለም። አንድ አባት የራሱን ልጅ አስነስቶ ከአገጩ ሥር መጽሔት ያዘበትና ካርድ አስነበበው፤ ልጁ ሲሳሳት ይዞት ወጣ። ጥቂቶች ተከተሉት። አብዛኞቹ ግን ቁጭ አሉ። አንዲት እናት አጠገቤ መጥታ «ልጄ በራሱ ማመን የጀመረው በዚህ ነው፤ ምን አድርገንሻል?» አለችኝ። ዪንጁ የልጇን እጅ ይዛ ሳታየኝ አለፈች። ያ ሥልጠና ዛሬም አለ፤ ሰፋ ወዳለ ሕንፃ ተዛውሯል።

ዪንጁ ለሁለት ወር ያህል ቤቴ አልመጣችም። የፒንሩይ መነጽር ግን በማግስቱ ዓይኗ ላይ እንደነበረ ሰምቻለሁ። ስትመጣ ዝናብ ነበር። በሩ ላይ ጃንጥላዋን እያራገፈች ንግግሯን ጀመረች።

«ቢሮ ውስጥ አንድ ደንበኛ እንደዚያ ያለ ባለቀለም የአንጎል ሥዕል ይዞ መጥቶ ካሣ ክፈሉኝ ቢለኝ፣ ማን ለካው፣ በምን ለካው ብዬ እመልሰው ነበር» አለች። «ለልጄ ሲሆን አንድም አልጠየቅኩም። እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በሰው ፊት ባታደርጊው ምን ነበረበት?»

«ቤት ውስጥ ነግሬሽ ነበር።»

«አዎ። ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው።» ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ፒንሩይ ግን እኔንም አልማረችኝም፤ ነገር መፈተሽ ልማድ ሆኖባት ቀረ። ያኑ ዕለት ምሳ ላይ ክንዴን ያዘችና «ይሄ አምባር ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የማግኔት ነው። ለጉልበቴ ሕመም። ደም ያንቀሳቅሳል። ጎረቤቴ ናት ያመጣችልኝ።»

«አውልቀሽው ታውቂያለሽ?»

«ለምን አወልቀዋለሁ፣ እየተሻለኝ?»

«በእሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ከራሴ ላይ ውረጂ» አልኳት። ዪንጁ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አምባሩን እወደው ነበር። ሰዎች በያዙት ነገር ለምን እንደሚቆጡ ያን ቀን በራሴ አየሁት፤ ልጅቷ ደህንነቴን የምትወስድብኝ ነው የመሰለኝ።

ሳምንታት ከተከራከርን በኋላ እሺ አልኩ። ዪንጁ አምባሬን የሚመስል፣ ማግኔት የሌለው ሌላ አምባር ፈልጋ ገዛች። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጨርቅ ሰፍታ በየሳምንቱ አንዱን ታስርልኛለች፤ የትኛው እንደሆነ ለእኔም ለፒንሩይም አትነግረንም። እኔ በየማታው ደረጃውን ስወጣ እንዴት እንዳመመኝ ለፒንሩይ በስልክ እነግራታለሁ። ሲያበቃ ዪንጁ ምስጢሩን አወጣች። ልዩነት አልነበረም። እንዲያውም የባሕር እናት በምትባለው አምላክ በማዙ ክብረ በዓል ቀን ከጎረቤቶቼ ጋር የጨፈርኩት ባዶውን አስሬ ነው።

«እንደገና እንሞክረው» አልኩ ተናድጄ።

«እሺ» አለች ፒንሩይ፤ አልተከራከረችኝም። ደገምነው፤ ያው ሆነ። አምባሩን ለጎረቤቴ ስመልስላት ምክንያቱን ነገርኳት፤ እሷም እንደ ዪንጁ ተቆጣችኝና የእኔን አምባር በራሷ አምባር ላይ ክንዷ ላይ ደረበችው።

አሁን የአጥንት ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሩዝ ከረጢት አስሬ ለአንድ ወር በየቀኑ እግሬን እንዳነሳና እንዳወርድ አዞኛል። አሰልቺ ነው፤ እየተራገምኩ ነው የምሠራው። ትናንት ደረጃው ትንሽ ቀለለኝ መሰለኝና ለፒንሩይ ደውዬ «ሠርቷል» አልኳት።

«ገና ነው፣ አማ» አለችኝ። «ወሩ ይሙላ።»